ሳልጠይቃቸው የቀረሁት ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከተማሪዎቼ አንዱ መጥፎ ጥያቄ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቀኛል። መጽሐፉ መልስ አለው፤ ሁለት ነገር ባንድ ላይ የሚጠይቅ፣ መልሱን ራሱ የሚጠቁም፣ ቃሉ ለተጠያቂው የማይገባ ይላል። እኔም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ቀጥዬ የምነግራቸው ግን መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ እኔው ላይ የደረሰ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ቆቦ ከተማ ሲሆን አባቴ ልብስ ሰፊ፣ እናቴ መምህርት ናቸው። የማስተርስ ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስደርስ ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ ከአገሬ ራያ ቆላ ወጥተው፣ አፋርን አቋርጠው፣ በባሕር ወደ ሳዑዲ ስለሚሄዱ ወጣቶች ነበር። ርዕሱን መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። አብረውኝ የተማሩ ብዙ ልጆች በዚያው መንገድ ሄደዋል።

በሥራዬ እኮራ ነበር፤ በተለይ በመጠይቄ። ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሳነብ አንድ ችግር አይቻለሁ፤ ቤተሰብ ስለሄደው ልጁ እውነቱን አይናገርም። ደላላውን የሚፈራ አለ፣ ከእርዳታ መዝገብ እንዳይሰረዝ የሚሰጋ አለ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ስለ አንድ ቤት መጀመሪያ የቅርብ ዘመድ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ ያንኑ ጥያቄ ቤቱን ራሱን እጠይቃለሁ። ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙ መለስ ብዬ አጣራለሁ። አማካሪዬ ዘዴውን ወደዱት። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፎርም ላይ «ጥናቱ በተሳታፊዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ካለ ይገለጽ» የሚል ቦታ ነበረ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ዘመድየው ስለ ራሱ ለመናገር ይፈቅዳል፤ ስለሚወራበት ቤት የሚፈቅደው ማነው ብሎ ያኔ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ጥቅምት ላይ ወረድኩ። ቀበሌዋ ከዋጃ አስፋልት ወደ ምሥራቅ፣ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የምታስገባ ናት። ስሟን አልጽፈውም። መንገድ የሚመራኝ ሰይድ የሚባል የአርባ ዓመት ገበሬ ነበር፤ የማያውቀው ቤት የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከናሙናዬ አብዛኛውን ጨረስኩ። ሰዉ ተቀብሎኛል፤ የቆቦ ልጅ መሆኔም ረድቶኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰይድ አያ ይማም ወደሚባሉ ሰው ማሳ ወሰደኝ። ማሽላው እሸት ስለነበር ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ከማማው ወርደው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰይድ እኔ እንደማዘው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አያ ይማም ስለ ራሳቸው ቤት ሁሉንም መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል ዞርን፤ ስለ ወንድማቸው ቤት። ወንድማቸው ሞተዋል፤ ቤቱን የያዙት ሚስቲቱ ወይዘሮ ሀዋ ናቸው። ከዚያ ቤት ጀማል የሚባል ልጅ በሚያዝያ ወጥቷል። እስከዚህ ድረስ ያለ ችግር ተጓዝን።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ «የሄደው ሰው አሁን የት ነው ያለው?» የሚል ነበር፤ ሰባት ምርጫ ነበረው። አንድ ባንድ አነበብኩላቸው። ሳዑዲ፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ መንገድ ላይ፣ ተመልሷል፣ ሞቷል፤ እዚህ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ላይ አድርጊው» አሉኝ።

ምልክት አደረግሁ። ቀጣዩን ጥያቄ ሳላነብ እሳቸው መናገር ጀመሩ። አብሮት የወጣ ልጅ ሐምሌ ላይ ደውሎ ነግሯቸዋል፤ ጀማል ባሕሩ ጋ ሳይደርስ በረሃው ላይ ውሃ ጥም ገደለው። ጓደኞቹ በእጃቸው ቆፍረው ቀብረውታል። እናቱ አልሰሙም። ሰዓዳ የምትባለው ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባታል፤ እናቷ ቤት የመጣችው ለመውለድ ነው። ያ ቤት ለቅሶ ቢገባ ልጅቷ ትጎዳለች ብለው ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ መርዶው ከወለደች በኋላ እንዲሆን። እስከዚያው ወይዘሮ ሀዋ ልጁ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነው ተብለዋል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ዝም ብሏል።

አያ ይማም መጨረሻ ላይ ወደ ወረቀቴ እያዩ፣ «ለባዕድ ሰው አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። ይህ ወረቀት ነው ያናገረኝ። ባይሆን እዚያ ቤት አትሂጂ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የመለስኩላቸውን በደንብ አስታውሳለሁ። ያንን ጥያቄ አልጠይቃቸውም፣ ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ ብቻ ጠይቄ እወጣለሁ አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «የተማርሽ ነሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ወደ ማማቸው ወጡ።

መተው እችል ነበር። የዘመድና የቤት ጥንድ መልሶቼ ቀደም ሲል በተለያየ ምክንያት ጎድለውብኝ ስለነበር ይህንንም ማጣት አልፈለግሁም። አመሻሹ ላይ ቆቦ ስመለስ ለአማካሪዬ መደወልም እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ሥራ ስለበዛብኝ ወይም ኔትወርክ ስለጠፋ አይደለም። አትሂጂ ይሉኛል ብዬ ስለገመትኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰይድ ደጅ ላይ አድርሶኝ እንደ ልማዱ ራቅ አለ። ወይዘሮ ሀዋ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው ሴት ናቸው። አጓት በጣሳ ቀድተው ሰጡኝና መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ሰዓዳ ግድግዳውን ተደግፋ ምስር ትለቅማለች፤ ቀኗ እንደደረሰ ያስታውቃል። የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላቸው። ሲያዳምጡ ቆይተው «ስም የለበትም አይደል?» አሉኝና ፈረሙ።

የቤተሰቡን አባላት ስመዘግብ ራሳቸውን፣ ሰዓዳን፣ አላማጣ የሚሠራ ትልቅ ልጃቸውን ቆጠሩ። እኔ መስመር አሰመርኩ።

«ጀማልንም ጻፊው እንጂ» አሉ። «ቢርቅም ቤቱ ይሄው ነው። በሚመጣው ረመዳን ሃያ ይሞላዋል።»

ጻፍኩት። ከዚያ ስለ መሬቱ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃው፣ ስለ ሁለቱ ፍየሎች ጠየቅሁ። መልሳቸው አጭርና ግልጽ ነበር። ስለ ስደት የሚጠይቀው ገጽ ላይ ስደርስ ሁለት ቅጠል ባንዴ ገለጥኩና የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ጠየቅሁ። አመሰገንኩ፤ የእስክሪብቶዬንም ክዳን ገጠምኩ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ እትዬ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ጎረቤታቸው ፋጡማ ቤት ሄዳ ወንፊት እንድታመጣ ላኳት። ሰዓዳ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። እናቷ እስክትርቅ ድረስ በበሩ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ተመለሱ።

«ጀማልን ሳትጠይቂኝ?»

ገጽ ዘልያለሁ አልኳቸው። ውሸት ነበር። ወረቀቱን መልሼ ገለጥኩና አሥራ አራተኛውን ጥያቄ አነበብኩ። ድምፄን እንደ ሌላው ጊዜ ለማድረግ ሞከርኩ። ሳዑዲ፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ መንገድ ላይ፣ ተመልሷል፣ አላውቅም።

«አንዱን ተውሽው» አሉ ወይዘሮ ሀዋ።

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«ፋጡማ ተቆጥታ ነው የነገረችኝ። ይቺ ልጅ በሕይወት ያለውን ልጄን ሞቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ አለች። ጎረቤታችን ከድርንም እንዲሁ ብለሽዋል። ወረቀቱ ላይ ያለ ነው፣ ሁሉንም የምትጠይቂው ነው አልኳት። እኔን ብቻ ነው ያላልሽኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ያንን ምርጫ የዘለልኩት እሳቸውን ላለመጉዳት ነው። ነገር ግን ለመንደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቄ ለአንድ ሰው ብቻ ሳጎድል፣ ጉድለቱ ራሱ መልስ እንደሚሆን አላሰብኩም። ቤቶቹ ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ ያሉ ቁጥሮች ይመስሉኝ ነበር። ሰዎቹ ግን ማታ ማታ ተገናኝተው ስለ እኔ ጥያቄዎች ያወራሉ።

«ትናንት ይማም ማሳ ነበርሽ» አሉኝ። «ምን አለሽ?»

«እትዬ፣ ሰው የነገረኝን ለሌላ አልናገርም። አንቱ የነገሩኝንም ለሳቸው አልናገርም።»

«ደህና ቢሆን ይህን ሁሉ አትይኝም ነበር።»

ደግመው አልጠየቁኝም። ሞቷል አላልኩም፤ በሕይወት አለም አላልኩም። ዋሽቼ ደህና ነው እንድላቸው አፌ አልታዘዘልኝም። ዛሬም ቢሆን ያን ሰዓት ምን ማለት ይገባኝ እንደነበር አላውቅም። ስሕተቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ እዚያ መደብ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ትክክል የሚባል ቃል አልነበረም።

ወይዘሮ ሀዋ የሻሻቸውን ጫፍ አንስተው ነከሱት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ጀመሩ። ከአፋቸው የሰማሁት «ኢናሊላሂ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷም በትንፋሽ ነው የወጣችው። ልጠጋቸው ስል እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ። ውጭ ሰይድ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ዝናብ ያወራል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ወንፊት ተበድሮ ለመምጣት ከሚፈጀው ጊዜ አይበልጥም።

ሻሹን ከአፋቸው አወጡና ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመሩ። ክረምቱን ሙሉ ማንም ሰው ጀማል ደወለ ወይ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። ድሮ ገበያ መንገድ ላይ ሳይቀር ያስቆሟቸው ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ጥያቄው ከሁሉም አፍ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ይህን አይተዋል፤ ያዩትን ግን ለራሳቸውም ሊነግሩት አልፈለጉም። «አንቺ ስትመጪ ደስ አለኝ» አሉኝ። «የምትጠይቀኝ ሰው መጣች ብዬ።»

ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ አልሰማሁም። ሰዓዳ በሰላም እስክትገላገል ድረስ አልሰማሁም። ይማምም እንደሰማሁ አይወቅ። እሱ እኔን እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ ልጄን ልጠብቅ።»

የሰዓዳ እርምጃ ከደጅ ተሰማ። ወይዘሮ ሀዋ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ።

«ጻፊ እንግዲህ። ሳዑዲ ነው ያለው።»

ሰዓዳ ወንፊቱን ይዛ ገባችና ወሬው ስለ ወንድሟ መሆኑን ስትሰማ እዚያው ቆመች። ጻፍኩ። ቀጣዩ ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው መቼ ነው የሚል ነበር፤ አነበብኩት።

«ባለፈው ወር። ደህና ነኝ አለ።»

ሥራ ይዟል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ገና ነው አሉ። ወደ አገሩ የመመለስ ሐሳብ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቤት ሠርቶ ማግባት ይፈልጋል፣ ኢንሻአላህ ይመጣል አሉ። ሰዓዳ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች። እስከ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ ሳላቋርጥ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ሳያቋርጡ መለሱ። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ቃለ መጠይቆች ሁሉ እንዲህ የተሟላ ፎርም አላስታውስም። አንድም ባዶ ቦታ አልነበረውም።

ስወጣ አያ ይማም መንገዱ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጠየቅሻት ወይ አሉኝ። ልነግርዎ አልችልም አልኳቸው። ይህ መልስ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ምን እንዳደረገ አይቻለሁ፤ ግን ሌላ አልነበረኝም። ቅር ብሏቸው ፊቷ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከሰዓዳ ጋር እያወሩ ነው የተውኳቸው አልኩ። እውነት ነበር። «አልሀምዱሊላህ» ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። ሰይድ ቀጥሎ የተያዘውን ቤት ሊያሳየኝ ወደ ፊት ቀድሞ ነበር። ጠርቼ ለዛሬ ይበቃናል አልኩት። የዚያን ቀን ያልኩት ለዛሬ ነው፤ ሥራውን ግን ከዚያ በኋላ አልቀጠልኩም።

ዋጃ ደርሼ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ከይማም ማሳ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትናንት ለምን እንዳልደወልኩም ጭምር። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና መጠይቁን እሳቸውም እንዳነበቡት፣ አደጋውን ግን እሳቸውም እንዳላዩት ነገሩኝ። ከዚያ ሥራውን እንዳቆም፣ ለኮሚቴውም ራሴ በጽሑፍ እንዳሳውቅ አዘዙኝ። በማግስቱ ጻፍኩ። «የለም» ያልኩበትን ቦታ በሁለት ገጽ ሞላሁት።

ቆቦ ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ መጠበቅ ያዝኩ። ምን እንደምጠብቅ ለማንም መናገር አልችልም፤ ለእናቴም አልነገርኳትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ምግብ ላይ ተቀምጬ ወይዘሮ ሀዋ አሁን ከልጃቸው ጋር ምን እያወሩ ይሆን እላለሁ። ሰዓዳ ወንድሟ ደውሏል መባሉን አምና ሌላ ነገር ትጠይቃቸው ይሆናል፤ እሳቸውም ይመልሱላት ይሆናል። ያንን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰይድ ደውሎ ሰዓዳ ሴት ልጅ በሰላም መውለዷን ነገረኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለና ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሄደው መርዶውን እንዳረዱ ነገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ ባንድ በኩል ተቀምጠዋል። አያ ይማም ሲያዩኝ ተነስተው መጡና፣ ምንም ሳትጠረጥር ለዚህ አበቃናት፤ አንቺም ቃልሽን ጠብቀሻል፣ አላህ ይስጥሽ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ወይዘሮ ሀዋ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ ሳቅፋቸው የእጄን አንጓ አጥብቀው ያዙና አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን» አሉኝ። «ብቻዬን።»

ከዚያ ለቀቁኝና ቀጥላ ወደ መጣችው ሴት ዞሩ። ወቀሳ ይሁን፣ ወይም የሚያውቀው ሌላ ሰው ስላልነበረ ለአንድ ሰው መናገር ፈልገው ይሁን፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው፣ ሰው ሰብስበው፣ የሚደግፋቸው ክንድ አዘጋጅተው ሊያረዷቸው ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ወስጄባቸው ሐዘኑን ብቻ ተውኩላቸው።

የሰበሰብኩትን ጥንድ መጠይቅ በሙሉ በኮሚቴው ፊት አስወገድኩ፤ ጥናቱንም በሌላ ዘዴ እንደ አዲስ ጀምሬ ከጓደኞቼ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅሁ። ይህን በኔ ላይ እንደደረሰ ጉዳት አልቆጥረውም። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ሴትዮዋ እኮ ቀድሞም ጠርጥረዋል ይሉኛል። አዎ፣ ጠርጥረዋል። ጥርጣሬ ግን በር አለው፤ ሰው ሲፈልግ ይወጣበታል። እኔ በሩን ዘጋሁባቸው።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ ነገ መጠይቅ ይዛችሁ የማታውቁት ሰው ቤት ትገባላችሁ። በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ እንዲኖራችሁ እመኛለሁ፤ ግን እሱ አይበቃም። ጥያቄው ከማን ቤት ወጥቶ ወደ ማን ቤት እንደሚገባ፣ ሰዎቹ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ስለሱ ምን እንደሚያወሩ አስቡ። ሰው ወደዚያ ቤት አትሂዱ ካላችሁ፣ ናሙናው ቢጎድል ይጉደል። እኔ ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ ቤት ትቼ መጣሁ ሲለኝ ለምን ብዬ አልቆጣም። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ይህን ታሪክ ለማሳተም ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ሀዋን ፈቃድ ልጠይቅ ወረድኩ። የሰዓዳ ልጅ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ፍየሎቹን ታባርራለች። ወይዘሮ ሀዋ ለአያ ይማም እውነቱን ራሳቸው ከዓመት በኋላ እንደነገሯቸው አጫወቱኝ። አያ ይማም «እኛ እኮ ስንጠብቅሽ የኖርን መስሎን ነበር» ብለው አለቀሱ አሉኝ። የጻፍኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አረሙኝ። ከዚያ የሁሉንም ሰው ስም እንደምቀይር፣ ቀበሌዋንም እንደማልጠራ አስረዳኋቸው፤ በሙያችን ግዴታ ነው አልኳቸው።

ደጅ ወደምትሮጠው የልጅ ልጃቸው ተመለከቱ።

«የኔንም ቀይሪው፣ የሰዓዳንም፣ የይማምንም» አሉኝ። «የሱን ግን ተይው። መቃብሩ የት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቦታ ይጻፍለት።»

ለተማሪዎቼ የማስተምረው ሕግ ይህን አይፈቅድም። ከዚህ በላይ ያነበባችኋቸው ስሞች ሁሉ የተቀየሩ ናቸው፤ ከአንዱ በቀር። ልጁ ጀማል ይባላል።